ፌስታሉን ያየኸው አንተ ነህ፦ ከውድድር በፊት ጭንቅላታችንን እንዴት እናሰልጥን (ለኛ ለአማተር ጋላቢዎች)

አዳማ ውስጥ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ሁለት ጠላት አለው፣ አንዱ ነፋስ ሌላው ፌስታል። ሁለቱ ከተገናኙ ደሞ አለቀ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያ ጋራው ላይ ያሉትን ተርባይኖች የሚያሽከረክረው ነፋስ ወደ ሜዳው ሲወርድ አቧራውንም ካርቶኑንም ፌስታሉንም ጠራርጎ ነው የሚመጣው፣ የኔ ዳማ ፈረስ ደሞ ጥቁር ፌስታል ሲያይ ጅብ ያየ ነው የሚመስለው። እኔ እንደዛ ነበር የማስበው ቢያንስ።

የመጀመሪያ ውድድሬ የጥምቀት ሰሞን ነበር። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ እኛ የምንተዋወቅ ልጆች ከአርሲ በኩል ከመጡ ፈረሰኞች ጋር ሜዳ ላይ ቀጥታ ሽምጥ ግልቢያ፣ በቃ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ስለ ነፋሱ ሳስብ አደርኩ። ጠዋት መነሻው ላይ ስቆም ገና ምንም ሳይመጣ ዛቡን (የልጓሙን ገመድ) በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ ጉልበቴን አጣብቄ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ አይኔ ሜዳውን እየዞረ ፌስታል ይፈልጋል። አገኘ! አጥሩ ላይ አንዲት የዳቦ ፌስታል ትርገበገባለች። ፈረሱ ዞረ፣ ሌሎቹ ወደፊት እኔ ወደ መጣሁበት፣ ሰዉ ሳቀ፣ ቤት ገብቼ ሙሉ ቀን ፈረሱን ስሰድብ ዋልኩ።

ከሳምንት በኋላ ይሄንን ለአንድ ባለጋሪ ሽማግሌ አወራሁላቸው፣ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ስንት ዘመን ጋሪ የነዱ ሰው ናቸው፣ ፈረሳቸው ደሞ ባጃጅ በጆሮው ስር ክላክስ ቢያደርግ ዞር ብሎ አያይም። ሳቁና «ልጄ፣ ፌስታሉን ያየኸው አንተ ነህ፣ ፈረሱማ ያየው አንተን ነው» አሉኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። አሁን ግን ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ የዚች አባባል ዝርዝር ነው።

ነገሩ የሽማግሌ ወግ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የስዊድን ተመራማሪዎች ሰዎችን ፈረስ እየጎተቱም እየጋለቡም ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ 4 ጊዜ እንዲሄዱ አደረጉ፣ አራተኛው ላይ ለሰውየው «አሁን ስታልፍ ጃንጥላ ድንገት እንከፍታለን» አሉት። ጃንጥላው ግን አልተከፈተም፣ ምንም አልተደረገም። የሰውየው ልብ ምት ጨመረ፣ የፈረሱም ጨመረ። ፈረሱ ስለ ጃንጥላው ማንም የነገረው የለም እኮ! የሰማው አብሮት ካለው ሰው ነው። ፈረስ ሲፈጠር ጀምሮ የሚበላው አውሬ እንዳይደርስበት በመንጋ እየሮጠ የኖረ እንስሳ ነው፣ መንጋው ውስጥ አንዱ ከደነገጠ ሁሉም ይሮጣል፣ ምክንያት አይጠይቅም። እናንተ ኮርቻ ላይ ስትወጡ የመንጋው አባል ሆናችኋል ማለት ነው። ጭናችሁ ሲጠብቅ፣ ዛቡ ሲያጥር፣ ትንፋሽ ሲቆም፣ እሱ ጋ የሚደርሰው «አንድ ነገር አለ» የሚል ወሬ ነው።

ስለዚ «አትፍራ» የሚባለው ምክር ለኛ አይሰራም። ፍርሃት በትእዛዝ አይሄድም፣ እንደውም አትፍራ የተባለ ሰው ስለ መፍራቱ መፍራት ይጀምራል፣ በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ የሚሉት ይሄንን ነው። የሚሰራው ለአይን፣ ለትንፋሽና ለእጅ ስራ መስጠት ነው። ስራ የያዘ እጅ ዛብ አይጨመድድም።

ከዛ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም ይሄን ሳይናገሩ ስለ ጭንቅላት ማውራት ነውር ነው። ፈረሱ እምቢ ያለው ጀርባው በኮርቻ ስለተላጠ፣ ጥርሱ ስላመመው፣ ልጓሙ አፉን ስለቆረጠው ወይ ሰኮናው ውስጥ ጠጠር ስለገባ ከሆነ የናንተ አእምሮ ምንም አያመጣም። ከመጋለባችሁ በፊት ኮርቻውን አንሱና ጀርባውን በመዳፍ እየተጫናችሁ ዳብሱ፣ አራቱንም እግር አንስታችሁ እዩ፣ ጠፍሩ (ኮርቻውን ሆዱ ስር የሚያስረው ቀበቶ) ስር ያለውን ቆዳ እዩ። ካመመው ውድድሩ ይቅር። እና ደሞ የሚጠቅም ፍርሃትም አለ፣ ማቆም የማትችሉት ፈረስ ላይ ከሆናችሁ ወይ ሄልሜት ሳታደርጉ ልትዘሉ ከሆነ ያ ፍርሃት ትክክል ነው ስሙት። እኔ የማወራው ስለ ሌላው፣ ሁሉ ነገር ደህና ሆኖ ሳለ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ስለሚመጣው ነው።

ትንፋሽ

ከዚህ ጀምሩ፣ ብር አይጠይቅም። ትንፋሽ ስታወጡ ልብ ምት ትንሽ ይቀንሳል፣ ስታስገቡ ይጨምራል፣ ስለዚህ የምታወጡትን ከምታስገቡት ማርዘም ነው ጨዋታው። በአፍንጫ 4 እስክትቆጥሩ አስገቡ፣ በአፍ 6 ወይ 7 እስክትቆጥሩ አውጡ፣ ሻይ እንደምታቀዘቅዙ ነው ቀስ ብሎ። 5 ጊዜ ይበቃል። የሚገርመው እናንተ ረዥም ትንፋሽ ስታወጡ ወገባችሁ ኮርቻው ላይ ይከብዳል፣ ትከሻ ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜ ፈረሱም ፉር ብሎ አፍንጫውን ያራግፋል።

ሰው የሚሳሳተው ግን ይሄን መነሻው ላይ ብቻ መሞከሩ ነው። ሰኞ እስከ አርብ ስራ ላይ ነን፣ ፈረሱን የምናገኘው ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ታዲያ ትንፋሹን ታክሲ ሰልፍ ላይ ተለማመዱት፣ ባጃጅ ውስጥ፣ አለቃችሁ ሲቆጣ። ሰውነት የለመደውን ነው በጭንቅ ቀን የሚያወጣው። ግልቢያ ላይ እያላችሁ ደሞ መቁጠር አይቻልም፣ እዛ ቀላሉ ዘዴ ድምጽ ማውጣት ነው፣ ማፏጨት፣ ማንጎራጎር፣ «እሺ እሺ» ማለት። የሚናገር ሰው ትንፋሹን መዋጥ አይችልም። ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ ራሱ በአንድ ዝላይ አንድ ጊዜ ነው የሚተነፍሰው፣ እሱ እየተነፈሰ እናንተ አፍናችሁ ከተቀመጣችሁ ላዩ ላይ እንደ ጆንያ ጤፍ ናችሁ።

አይን

ፈረስ አይኑ በጎንና በጎን ስለሆነ ዙሪያውን 350 ዲግሪ ገደማ ያያል፣ ልክ ግንባሩ ፊትና ከጭራው ኋላ ያለችው ትንሽ ቦታ ብቻ ናት የምታመልጠው። ፌስታሏን ከናንተ ቀድሞ አይቷታል፣ እመኑኝ። ጥያቄው እናንተ ታያላችሁ ወይ ነው። አይናችሁን እዛ ስትተክሉ ጭንቅላት ይዞራል፣ ጭንቅላት ሲዞር ትከሻ፣ ትከሻ ሲዞር ዳሌ፣ እና ፈረሱ «ወደዛ ሂድ» እና «እዛ አደጋ አለ» የሚል ሁለት ትእዛዝ ባንድ ጊዜ ይደርሰዋል። ምን ያርግ?

እኔ የማደርገው ይሄ ነው፣ ከውድድሩ በፊት ሜዳውን በእግሬ እሄደዋለሁ፣ መጨረሻው ማዶ ላይ የማይንቀሳቀስ ነገር እመርጣለሁ፣ ግራር ወይ የመብራት ምሰሶ ወይ የቤት ቆርቆሮ። ስጋልብ የማየው እሱን ነው። ሌላው በዳር በዳር ይታየኝ፣ ግን አፍጥጬ አላየውም። በርሜል ላይ እንጨት አጋድማችሁ ዝላይ የምትሞክሩም ልክ እንደዛው፣ እንጨቱን ካያችሁ እንጨቱ ላይ ትወድቃላችሁ፣ ከእንጨቱ ማዶ ያለውን እዩ።

ቁጭ ብሎ መጋለብ

ሰው ሳይወጣ በሀሳቡ መጋለብ ይችላል፣ ብዙዎቹ ትላልቅ ጋላቢዎች የሚያደርጉት ነገር ነው፣ የዝላይ ውድድር ከመጀመሩ በፊት ሜዳውን በእግራቸው እየረገጡ ሲለኩ ከዛ ዳር ላይ አይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ ቪዲዮ ላይ አይታችሁ ይሆናል። እብደት አይደለም። ግን እኛ ስንሞክረው የምናጠፋው ሁለት ነገር አለ።

አንደኛ ከውጭ ሆነን ነው የምናስበው፣ እንደ ቪዲዮ፣ ራሳችንን ነጭ ለብሰን ጋቢ እየተውለበለበ። እሱ ፊልም ነው። ልምምድ የሚሆነው ከኮርቻው ላይ ሆኖ ሲታሰብ ነው፣ በሁለቱ ጆሮዎቹ መሀል ያለው ሜዳ፣ ጋማው፣ የእርካቡ ብረት እግር ስር፣ የላቡ ሽታ፣ አቧራው ጥርስ ላይ። ከቻላችሁ የምትጋልቡበትን ጫማ አድርጋችሁ ወንበር አዙራችሁ እንደ ኮርቻ ተቀመጡበት፣ እጃችሁ ላይ ገመድ ያዙ። እህቴ አንድ ቀን እንደዚህ ሆኜ ገብታ አይታኝ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። ግልቢያው 1 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ በሀሳብም 1 ደቂቃ መፍጀት አለበት። በሞባይል ሰዓት ያዙ። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው በ20 ሰከንድ ጨረስኩት፣ ለምን ብዬ ሳየው የምፈራውን ቦታ ዘልዬው ነው የሄድኩት ለካ! ጭንቅላቴ እዛ ጋ መድረስ አልፈለገም። ይሄ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚቸኩል እዩ፣ ልምምድ የሚያስፈልገው እዛ ነው፣ እሱን ቦታ ብቻ አስር ጊዜ ቀስ ብላችሁ ሂዱበት።

እና ደሞ ሁሌ አሪፉን ብቻ አታስቡ። ፈረሱ ሲደነብር አስቡ ግን እዛ ላይ አታቁሙ፣ ቀጥሎ ምን እንደምታደርጉ ድረስ ውሰዱት። ቋሚ አረፍተ ነገር አዘጋጁለት፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል። ፈረሱ ከደነበረ ትንፋሽ አወጣለሁ፣ እግሬን ወደ ጎኑ አስጠጋለሁ፣ ግራሩን አያለሁ። እርካብ ከእግሬ ከወጣ የፈረሱን ፍጥነት እስከ ሶምሶማ አወርዳለሁ ከዛ እርካቡን እፈልጋለሁ። ሌላው ከቀደመኝ የራሴን መስመር እይዛለሁ። ሶስት አራት ይበቃል፣ ከዛ በላይ ከሆነ ፈተና ነው የሚመስለው። ጥቅሙ በዛች ቅጽበት ማሰብ አለመፈለጉ ነው፣ ፈረስ እስክታስቡ አይጠብቃችሁም።

የፈረስ ስም

ይሄን ክፍል የምወደው ነው። የውጭዎቹ አሰልጣኞች ለራስህ የምትለው አንድ ቃል ይኑርህ ይላሉ፣ አጭር፣ ምን ማድረግ እንዳለብህ የሚነግርህ። እኛ ይሄ ነገር ከጥንት አለን እኮ! ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ። የፈረስ ስም ነው ግን ሰውየው የሚጠራውም በሱ ነው፣ ፈረሱና ሰውየው ባንድ ስም። ደሞ ቃላቶቹን እዩዋቸው፣ ታጠቅ ትእዛዝ ነው፣ መላ ብልሃት ነው። ማንም «አባ አትውደቅ» ብሎ አልተሰየመም።

እዛ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ለራሳችሁ የምትሉት ቃል የማይፈለገውን ነገር መጥራት የለበትም፣ «እንዳትጨመድድ» ካላችሁ የሰማችሁት መጨምደድን ነው። የናንተን የፈረስ ስም አውጡ፣ የሚያስፈልጋችሁን ነገር የሚናገር። ከኛ ልጆች አንዱ ችኩል ነው፣ መነሻው ላይ ሁሌ ቀድሞ ይነሳል፣ እና አባ ቆይ አልነው፣ እንደ ቀልድ ነበር ግን ራሱ መነሻው ላይ «አባ ቆይ» ሲል እሰማዋለሁ አሁን። የኔን አልናገርም።

ልብ ሲመታም ስሙን መቀየር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአንዲት የሃርቫርድ ተመራማሪ ስራ አለ፣ ሰው ፊት ከመዝፈንና ንግግር ከማድረግ በፊት «ተረጋግቻለሁ» ካሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ያሉት የተሻለ ሰሩ። ያው ልብ ሲደልቅ ተረጋግቻለሁ ማለት ሰውነት የማያምነው ውሸት ነው፣ ጓጉቻለሁ ግን ከድለቃው ጋር ይሄዳል። ለፈረሱ ግን ትንፋሹን አትርሱለት፣ እሱ ቃል አይሰማም።

ሰው

ተመልካች ከነፋስ ይብሳል። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ከዛ ደሞ ያ ሁሌ የማይጠፋ ሰው «ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው!» ብሎ የሚጮህ። ጉግስ ላይማ ከኋላ ዘንግ ይዞ የሚያባርራችሁ ሰው ስላለ ስለ ተመልካች ለማሰብም ጊዜ የለም፣ ጋሻችሁን ማየት ነው፣ ቀጥታ ግልቢያ ላይ ግን መነሻው ጋ የምንቆምባት 5 ደቂቃ ናት ገዳይ። እኔ ለሷ ሁሌ የማልቀይራት ስርአት አለችኝ፣ ጠፍሩን በእጄ እፈትሻለሁ፣ እርካቡን እለካለሁ፣ አንገቱን ሶስቴ መታ መታ አደርጋለሁ፣ ስሙን እላለሁ፣ ግራሩን አያለሁ። ሁሌ በዚህ ተራ። ቅዳሜ ለልምምድ ስወጣም ማንም በሌለበት እንደዚሁ ነው፣ ስለዚህ የውድድር ቀን ለፈረሱም ለኔም የለመድናት ቅዳሜ ትመስለናለች። የሽማግሌው የጋሪ ፈረስ ሚስጥርም ይሄ መሰለኝ፣ ሰውየው በየቀኑ ያው ሰው ናቸው።

ስለ ማሸነፍ ብዙ አታስቡ የሚለውን ደሞ እንደ ቄስ ልነግራችሁ አይደለም፣ ማሸነፍ ደስ ይላል። ግን የዛኛው ፈረስ ገብስ በልቶ ያደገ ከሆነና የናንተ ጭድ ከሆነ መነሻው ላይ ማስተካከል አትችሉም። ለዛ ቀን በእጃችሁ ያሉ ሁለት ነገሮችን ያዙ፣ ለምሳሌ እስከ ግማሽ ድረስ እጄን አላጠብቅም፣ ከምፈራው ቦታ በፊት ትንፋሽ አወጣለሁ። በዝላይ ውድድር አንድ እንጨት መጣል 4 የቅጣት ነጥብ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አንድ ጥሎ ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ ነው ሁለተኛውን የሚጥለው። የወደቀ እንጨት ማታ ይለቀማል፣ ወደ ማዶ እዩ።

ስትወድቁ

ትወድቃላችሁ። ጭንቅላታችሁን ከመታችሁና ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ መደናገር፣ ብዥ ማለት ካለ በዛ ቀን ተመልሶ መውጣት የለም፣ ሀኪም ቤት ነው፣ ወንድነት ምናምን አይሰራም። «ወዲያው ካልወጣህ ፍርሃቱ ይቀመጥብሃል» የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ደህና ከሆናችሁ እውነትነት አለው፣ ካልሆናችሁ ግን ጅልነት ነው።

ከውድቀት በኋላ ስትመለሱ ደረጃውን አውርዱት። መጀመሪያ ማጽዳትና መመገብ ብቻ፣ ከዛ እየጎተቱ መሄድ፣ ከዛ ላዩ ሆኖ እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ ደንገላሳ። የሚቀጥለው ላይ የምትሄዱት ያሁኑ ሲሰለቻችሁ ነው፣ መሰላቸት ጥሩ ምልክት ነው እዚህ ጋ። እኔ ሶምሶማ ላይ አንድ ወር ቆይቻለሁ፣ ጓደኞቼ ሲያላግጡ ነበር። እንግሊዛዊው ኒክ ስኬልተን እ.ኤ.አ. በ2000 ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ጡረታ ሁሉ ወጥቶ ነበር፣ ከዛ ተመልሶ በ2016 ሪዮ ላይ ቢግ ስታር በሚባል ፈረስ በግል ዝላይ ወርቅ ወሰደ፣ በ58 አመቱ። ጃፓናዊው ሂሮሺ ሆኬትሱ ደሞ አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ባገኘበት በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ተወዳድሮ፣ በ2012 ለንደን ላይ በ71 አመቱ እንደገና ኮርቻ ላይ ነበር። አንድ ወር ሶምሶማ ምን አላት ታዲያ።

ደብተር

ግልቢያው ሲያልቅ ፈረሱን ትንፋሹ እስኪወርድ አዝግማችሁ አብርዱት፣ ኮርቻውን አውርዱ፣ ውሃ ስጡት፣ ከዛ ሞባይል ከመክፈታችሁና የሰውን አስተያየት ከመስማታችሁ በፊት ሶስት መስመር ጻፉ። የመጀመሪያው የያዛችኋቸው ሁለት ነገሮች ተሳኩ አልተሳኩም። ሁለተኛው አንድ የሚስተካከል ነገር፣ አንድ ብቻ። ሶስተኛው ፈረሱ ምን አደረገ፣ በተለይ ጆሮው። ጆሮው ወደ አንገቱ ከተለጠፈ ተቆጥቷል፣ ሁለቱም ወደ አንድ ነገር ከተቀሰሩ እዛ ነገር ላይ ነው ልቡ፣ አንዱ ጆሮ ወደ ኋላ ወደ እናንተ ዞሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደሞ እናንተን እያዳመጠ ነው። ደብተሩን ከወራት በኋላ ስታነቡት የትኛው ቀን ላይ እንደጨመደዳችሁ ከፈረሱ ጆሮ ታውቃላችሁ።

ባለፈው ጥምቀት አራተኛ ነው የወጣሁት፣ ከስድስት። ሶስተኛው መስመር ላይ የጻፍኩት ይሄ ነው፦ «ከባድ ነፋስ። ሁለት ፌስታል፣ አንዱ እግሩ ስር። ግራ ጆሮው እኔ ጋ ነበር።»